በሐሰት ፎቶ እውነተኛ ሟቾቻችንን ደግመን አንግደል

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ቪዲዮ ስላልሆነ ግን ዳታችሁን አይበላም፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የምጽፍላችሁ ከነቀምቴ ነው። ዲግሪ ይዘው ሥራ ከሚፈልጉት አንዱ ስለሆንኩ ከስልኬ ጋር የማሳልፈው ጊዜ ብዙ ነው። ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመለስ ምን እንደሚሆን የወለጋ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ስልኩ መጮህ ይጀምራል። «ሰበር መረጃ!» «አሁን የደረሰን!» «ልብ የሚሰብር ምስል፣ ሳይጠፋ ሼር አድርጉት!» ከሚመጣው ውስጥ እውነት አለበት። የዛሬ ስንት ዓመት የተነሳ ፎቶም አለበት። ከሌላ አገር ጦርነት የተወሰደ ሬሳም አለበት። ሁሉም ግን በአንድ ዓይነት ቁጣ፣ በአንድ ዓይነት «ሼር» ነው የሚደርሰን።

ዛሬ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ወገኑን የሚወድ ወጣት መረጃ የማጣራት ግዴታው ከሌላው ሰው ይበልጣል እንጂ አያንስም። ምክንያቱም ሐሰቱ ሲጋለጥ ዋጋውን የሚከፍለው የለጠፈው ሰው አይደለም። የሚከፍለው እውነተኛው ሟች ነው።

እስቲ ከራሳችን አገር፣ ከወለጋ ልጀምር።

ጥቅምት 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ፣ ጋዋ ቃንቃ ቀበሌ፣ የታጠቁ ሰዎች ነዋሪውን በትምህርት ቤት ግቢ ሰብስበው ገደሉት። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የባለሥልጣናትን ቃል ጠቅሶ ቢያንስ 32 ሰው መሞቱን፣ ቁጥሩም ከዚያ ሊበልጥ እንደሚችል ተናገረ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቢያንስ 54 አለ። በነሐሴ 2013 ደግሞ በምሥራቅ ወለጋ ኪረሙ አካባቢ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ210 በላይ ሰዎች መገደላቸውን ኮሚሽኑ አስታወቀ። ከነዚህ መጀመሪያ የተገደሉት 150 ገደማ ሲሆኑ፣ ከ60 በላይ የሚሆኑት በቀጣዮቹ ቀናት በበቀል የተገደሉ ናቸው። ልብ በሉ፣ በበቀል። መጀመሪያ የአንዱ ወገን፣ ቀጥሎ የሌላው ወገን ሰው ማለት ነው። ሁለቱም ገበሬ፣ ሁለቱም የአንድ ገበያ ሰው።

ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጊምቢ ወረዳ፣ ቶሌ ቀበሌ። በመጀመሪያ ከዐይን ምስክሮች የተሰማው ቁጥር ከ200 በላይ የሚል ነበር። ከቀናት በኋላ የጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት ቃል አቀባይ የ338 ሟቾች ማንነት መለየቱን ተናገሩ። ነዋሪዎች ቁጥሩ ከዚያም ይበልጣል አሉ። መንግሥትና ከሞት የተረፉ ሰዎች ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ብሎ የሚጠራውን፣ መንግሥት «ሸኔ» የሚለውን ቡድን ከሰሱ። ቡድኑ አስተባብሎ ጥፋቱን ከመንግሥት ጋር በተሰለፈ ሚሊሻ ላይ አላከከ።

ይሄ ሁሉ ቀን ያለው፣ ወረዳና ቀበሌ ያለው፣ መቃብር ያለው እውነት ነው። የወለጋ ሐዘን ማጋነኛ አያስፈልገውም። ታዲያ ለምንድን ነው ከሌላ አገር ፎቶ የምንዋስለት?

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። አንድ ሰው፣ ምናልባትም ከልቡ ተቆጥቶ፣ ከሌላ ቦታ የተነሳ ምስል አግኝቶ «ቶሌ» ብሎ ይለጥፋል። ሺህ ሰው ያጋራዋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ ሰው የፎቶውን ምንጭ አግኝቶ ጎን ለጎን ያስቀምጥና «አያችሁ? ውሸታሞች ናቸው። ቶሌ ላይ የሆነ ነገር የለም» ይላል። ከዚያ በኋላ እውነተኛዋ የቶሌ እናት መጥታ ብትናገር ማን ይሰማታል? ፎቶው ሐሰት ስለሆነ እሷም ሐሰተኛ ተደረገች። ልጇ አንዴ በጥይት ሞተ፣ አንዴ ደግሞ በእኛ ሼር።

ለዚህ ነው «ለትግሉ ስል ነው» የሚለውን ምክንያት የማልቀበለው። ለትግሉ ብለህ የለጠፍከው ሐሰት ለካጂው በነፃ የተሰጠ ጥይት ነው።

አንድ ነገር ግን ላስረግጥ። ሰው ወሬ የሚያምነው ደንቆሮ ስለሆነ አይደለም። ከታኅሣሥ 2012 መጨረሻ ጀምሮ ሦስት ወር ገደማ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተዘግቶ ነበር። በእኛ በምሥራቅ ወለጋ ኢንተርኔት ጠፍቶ፣ ስልክ የሚሠራው በትልልቅ ከተሞች ብቻ ነበር። መስመሩ የተመለሰው በመጋቢት፣ የኮሮና ወረርሽኝ አገር ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። እናቱ ደምቢ ዶሎ ሆና ስልኳ ለማይነሳ ልጅ «እስኪጣራ ጠብቅ» ማለት ቀላል አይደለም። የተጠማ ሰው የጠራ ውኃ ካጣ የደፈረሰውን ይጠጣል። መረጃ የዘጋ አካል ለወሬ በር መክፈቱን ማወቅ አለበት። ይሄን መንግሥትም ይስማው።

በሩን የከፈተው ሌላ ቢሆንም ግን፣ በሩ ሲከፈት ምን እንደምናስገባ የምንወስነው እኛ ነን።

አሁን ደግሞ ከወለጋ ወጣ ብለን ወሬ ሰው ሲገድል እንይ። በ2011 ዓ.ም. መባቻ በምዕራብ ጎጃም አዲስ ዓለም በምትባል የገጠር ከተማ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች በሕዝብ ተደብድበው ተገደሉ። ወሬው «ልጆቻችንን በክትባት ሊገድሉ ነው» የሚል ነበር። የመጡት የልጆችን ጤና ሊያጠኑ ነበር። ያን ቀን የወጣው ሕዝብ ክፉ ሕዝብ አልነበረም፤ ለልጁ የፈራ ወላጅ ነበር። ፍቅርና ፍርሃት ሳይጠይቁ ሲነሱ የሚያደርሱት እዚያ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ በዚሁ በምናነበው ቋንቋ፣ በዚሁ በምንጠቀመው ፌስቡክ የሆነ ነው። ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። ትግራዋይ ናቸው። በመስከረም 2014 መጨረሻ ስማቸውን፣ ፎቷቸውን ይዞ የሚከሳቸው ጽሑፍ ፌስቡክ ላይ ወጣ። ልጃቸው ለፌስቡክ ሪፖርት አደረገ፤ ጽሑፉ በጊዜ አልወረደም። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፕሮፌሰሩ ቤታቸው በር ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም በታኅሣሥ 2015 ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ በመጋቢት 2017 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ሜታ በፍርድ ቤት ይጠየቅ፣ ትክክል ነው። ግን ጽሑፉን ላይክ ያደረገው፣ ሼር ያደረገው፣ ከሥሩ የዛተው ሰውስ? እሱ ናይሮቢ አልተከሰሰም። ምናልባት ዛሬም እንደኔና እንዳንተ ስልኩን እየነካካ ነው።

በዚሁ ጊዜ ሌላም ነገር ሆኗል። በሐምሌ 2013 አንድ ሰው በራያ ቆቦ ስለተፈጸመ ግፍ በአማርኛ ጻፈ፤ የአካባቢው የትግራይ ተወላጅ ሲቪሎች በግፉ ተባባሪ እንደነበሩም ጨመረ። ከነዋሪዎች ሰማሁ ከማለት በቀር ማስረጃ አላቀረበም። ጉዳዩ እስከ ሜታ ተቆጣጣሪ ቦርድ ደረሰ፤ ቦርዱም በታኅሣሥ 2014 ጽሑፉ ያልተረጋገጠ ወሬ ስለሆነና በጦርነት መሀል አደጋ ስለሚያመጣ ከገጹ ይውረድ አለ። ልብ በሉ፣ ቦርዱ በራያ ቆቦ ግፍ አልተፈጸመም አላለም። ችግሩ ታጣቂ የሠራውን ወንጀል ያለ ማስረጃ ለጎረቤት ማሸከሙ ላይ ነው። «እነ እገሌ ገደሉ» እና «የእነ እገሌ ዘር ሁሉ ተባባሪ ነው» በጣም የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ማስረጃ ካለው ክስ ነው። ሁለተኛው ለሚቀጥለው እልቂት ግብዣ ነው። ኪረሙ ላይ በበቀል የሞቱት ከ60 በላይ ሰዎች ማንን ገድለው ነበር? የሞቱት በዘራቸው ነው።

አሁን ኮሜንት ላይ የምትጽፉትን ልገምት። «ጠላት እየዋሸ እኛ ለምን እጃችንን እናስራለን?» መልሴ አጭር ነው። የሚክድ ሰው ውሸት ያዋጣዋል፤ ፍትሕ የሚጠይቅ ሰው ግን ያለው ንብረት መታመኑ ብቻ ነው። መሣሪያ የለህም፣ ቴሌቪዥን የለህም፣ ሥልጣን የለህም። ቃልህ ከወደቀ ምን ቀረህ?

«ደግሞስ ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ቃል የመንግሥት ማፈኛ አይደለም ወይ?» የሚልም አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር ይቀጣል። ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል። አድሚኖች ይሄን ቁጥር ያዙት። ሕጉ ለማይወደዱ ሰዎች ብቻ እንዳይመዘዝ መስጋት ትክክል ነው። ሕግ ግን ፎቶ የት እንደተነሳ ማየት አያስተምርም። መንግሥት እውነትና ሐሰቱን እንዲለይልህ ካልፈለግክ ራስህ መለየት ቻል። ሌላ ሦስተኛ መንገድ የለም።

«ዲግሪ አለኝ፣ እኔ አልሸወድም» የምትሉትም አትቸኩሉ። አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳም ዋይንበርግና ሣራ ማክግሩ የተባሉ ተመራማሪዎች ዶክትሬት ያላቸውን የታሪክ ምሁራን፣ የዩኒቨርሲቲውን ተማሪዎችና የፋክት ቼክ ባለሙያዎችን ያው ድረ ገጾች ላይ አስቀምጠው አነጻጽረው ነበር። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ገጹ ውስጥ ገብተው፣ ከላይ እስከ ታች አንብበው፣ በሚያምር ሎጎና በተዋበ ቋንቋ ተታለሉ። ፋክት ቼከሮቹ ግን ገጹን ብዙም ሳያነቡ ወጡ። ሌላ መስኮት ከፍተው «ይሄን ገጽ ያዘጋጀው ማነው? ሌላው ስለሱ ምን ይላል?» ብለው ፈለጉ። በፍጥነትም በትክክለኛነትም በለጡ። ዕውቀት ብቻውን አላዳነም፤ ያዳነው ልማድ ነው።

እኛ ደግሞ ይሄን ልማድ የት ተማርነው? ከአንደኛ ክፍል እስከ ዲግሪ ማስታወሻ ገልብጠን፣ ሸምድደን፣ ለፈተና መልሰን ተፋነው። መምህሩን «እንዴት አወቁ?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ ረባሽ ነው የሚባለው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሽምደዳው እንኳ አልያዘልንም ማለት ነው። መጠየቅን ያላስተማረ ትምህርት ቤት ያወጣው ትውልድ የመጀመሪያውን «ሰበር» ቢያምን ምን ይገርማል?

ግን ይቻላል። ፊንላንድን አልጠራም፤ ሀብታም ናት ትሉኛላችሁ። ኡጋንዳን ልጥራላችሁ። እዚያ 120 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን መርጠው ለግማሾቹ አዲስ ትምህርት ሰጡ፣ ግማሾቹን እንደነበሩ ተዉአቸው። ትምህርቱ ዘጠኝ ክፍለ ጊዜ ነበር። ልጆቹ የአምስተኛ ክፍል፣ ከ10 እስከ 12 ዓመት ናቸው። መማሪያው በሥዕል የተሠራ ተረት መሰል መጽሐፍ ነው። የሚማሩት «ቃጠሎ ላይ የላም እበት ቢቀባ ይድናል» ለሚል ሰው «እንዴት አወቅህ? ካልተቀባው ጋር አወዳድረሃል?» ብሎ መጠየቅን ነው። ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ከተማሩት 69 በመቶው አለፉ፤ ካልተማሩት 27 በመቶ ብቻ። ኮምፒውተር ክፍል አላስፈለገም። ኢንተርኔት አላስፈለገም። በአንድ ተርም፣ በእኛው ዓይነት ሰሌዳና ጠመኔ።

ደግሞም ጥያቄው ከውጭ የመጣ አይደለም። አያቶቻችን በበልሃ ልበልሃ ሲሟገቱ «ተጠየቅ!» ይሉ ነበር። ምስክር ቆሞ ሲናገር ያየው ሌላ፣ የሰማው ሌላ ነው። «አየህ ወይስ ሰማህ?» ከተባለ በኋላ «ሰማሁ» ያለ ሰው ቃሉ ይቀልላል። የአፋር ወገኖቻችን ዳጉ አላቸው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ነጋሪው ያየውን ካየ ሰው ከሰማው ይለያል፣ አድማጩም ይጠይቃል። ውሸት ያቀበለ ሰው ክብሩን ያጣል። ግመል ጠባቂው በበረሃ የሚያደርገውን እኛ ስማርት ፎን ይዘን አቃተን። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚለውስ የማን ተረት ነው? የኛው አይደል?

ነቀምቴ ራሷ የንባብ ከተማ ናት። በልጅነቱ በባርነት የተሸጠው አናሲሞስ ነሲብ፣ አባ ገመቺስ የምንለው፣ ነፃ ወጥቶ ተማረ። ከአስቴር ገኖና ከሌሎች ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አሳተመ፤ በ1904 እ.ኤ.አ. ነቀምቴ መጥቶ ማስተማር ጀመረ። አስቴር ገኖም ከባርነት ነፃ የወጣች ናት፤ ከሕዝቡ አፍ ዘፈኑንና ተረቱን ሰብስባ ጽፋለች። ማንበብ ለነሱ ነፃነት ነበር። እኛ ዛሬ በነሱ ከተማ ስልክ ይዘን የማናውቀው ሰው የላከልንን ሳንጠይቅ የምናስተላልፍ ተላላኪ ከሆንን ያሳፍራል።

እሺ፣ ምን እናድርግ? በነቀምቴ ኔትወርክና በ10 ብር ፓኬጅ የሚሆን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ «የት?» በሉ። «ወለጋ» ቦታ አይደለም፤ አራት ዞን ነው። ከነቀምቴ ጊምቢ ብቻ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ የሌለው «ወለጋ ላይ እልቂት» የሚል ፖስት ገና ዜና አልሆነም። ስሙ ከተጠቀሰ ደግሞ እዚያ ዘመድ ያለው ሰው ከመሀላችን አይጠፋም። ደውሉለት።

ሁለተኛ፣ «መቼ?» በሉ። ፎቶው ውስጥ ያለውን ምድር እዩት። ወለጋ በሰኔ ጭቃ ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ በቆሎው በቅሏል። አቧራና ደረቅ ሜዳ የሚታይበት ፎቶ «ዛሬ ጊምቢ፣ ሰኔ» ከተባለ ጠርጥሩ። ታፔላውን እዩት፤ እዚህ ታፔላ በቁቤ ነው የሚጻፈው። የመኪናውን ታርጋ፣ የወታደሩን ልብስ፣ የቤቱን አሠራር እዩ። የአገሩን ልጅ አገሩን አስመስሎ ማታለል ከባድ ነው፣ ዓይኑን ከከፈተ።

ሦስተኛ፣ «ከዚህ በፊት ታይቷል ወይ?» በሉ። ፎቶውን ጉግል ሌንስ ላይ ጫኑት፤ ያው ፎቶ ከዓመታት በፊት የወጣበት ካለ ብዙ ጊዜ ያመጣዋል። ቪዲዮ ከሆነ ስክሪንሾት አንስታችሁ እሱን ፈልጉ። ኔትወርክ ከሌለ አዲስ አበባ ላለ ጓደኛችሁ ላኩትና «ለጥፈው» ሳይሆን «አጣራልኝ» በሉት። ኢትዮጵያ ቼክና ሀቅቼክ የሚባሉት ገጾችም አጣርተው የሚያወጡት አለ፤ ተከተሏቸው። አሁን ደግሞ በኤአይ የሚሠራ ፎቶና ድምፅ መጥቷል። እሱን በዓይን ብቻ መለየት እየከበደ ስለሆነ ከምስሉ ይልቅ ያመጣውን ሰው መርምሩ።

አራተኛ፣ «አየህ ወይስ ሰማህ?» በሉ። ለላከላችሁ ሰው ይሄንኑ ጥያቄ ብቻ መልሱለት። «ከግሩፕ ነው ያገኘሁት» ካለ ምስክር አይደለም፣ ፖስተኛ ነው። ፖስተኛውን አትስደቡት፤ ግን ደብዳቤውን ሳታጣሩ አታሳልፉ።

አምስተኛ፣ «ከዚህ ቁጣ ማን ይበላል?» በሉ። ከውጭ አገር የሚለጥፈው ዩቲዩበር በእይታ ብዛት ይከፈለዋል፤ ማታም ቤቱ በሰላም ይተኛል። ወሬው የሚፈነዳው ግን እዚህ፣ ከጎረቤታችን ጋር አንድ ገበያ በምንወጣው፣ አንድ ወፍጮ ቤት በምንሰለፈው ላይ ነው። ደምህ ሲፈላ ስልኩን አስቀምጠው። እውነት ከሆነ ከአንድ ሰዓት በኋላም እውነት ነው።

ስድስተኛ፣ ቁጥር ሲለያይ «ሁሉም ውሸታም ነው» አትበሉ። ጋዋ ቃንቃ 32 እና 54፤ ቶሌ ከ200 በላይ፣ ቀጥሎ 338። ልዩነቱ የመጣው ማን ቆጠረ፣ መቼ ቆጠረ፣ የት ድረስ ደረሰ ከሚለው ነው። «እንደ እገሌ ዘገባ ቢያንስ ይሄን ያህል» ብላችሁ ጻፉ። ትንሹን ቁጥር መጻፍ ሟቹን ማሳነስ አይደለም፤ ማንም ሊያፈርሰው የማይችል መሠረት ላይ ማቆም ነው።

ይሄን ለራሳችን ብቻ ይዘን አንቀመጥ። እንደኔ ተመርቆ ቤት የተቀመጠ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎ ስንት አለ? ጊዜ አለን። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ዘጠኝ ቅዳሜ ቢሰጥ፣ በሰፈር፣ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በመስጊድ፣ በወጣት ማዕከል አስር አስር ልጅ ቢያስተምር የኡጋንዳውን ያህል እንሠራለን። በአማርኛም በኦሮምኛም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል፤ አንድ እውነተኛና አንድ ሐሰተኛ ፖስት ሰሌዳ ላይ ጻፍና «የትኛው ነው? እንዴት አወቃችሁ?» በል። መምህራን፣ እናንተም «እንዴት አወቁ?» ብሎ የሚጠይቃችሁን ልጅ አታስቀምጡት፤ አጨብጭቡለት።

የዚህ ገጽም ሆነ የሌሎች ገጾች አድሚኖች ላይም ጥያቄ አለኝ። ቦታና ቀን የሌለው ፎቶ አትልቀቁ። ስህተት ከወጣ በድብቅ አታጥፉት፤ «ተሳስተናል፣ እውነቱ ይሄ ነው» ብላችሁ በዚያው ገጽ ጻፉ። የሟች ፊት አትለጥፉ፤ እናት አላት፣ እናቷም ስልክ አላት።

የመጨረሻው ነገር ይሄ ነው። በሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ይሠራል አይሠራም፣ ለማን ይሠራል የሚለውን ሁላችንም በጥርጣሬ ነው የምናየው። ግን አንድ ቀን፣ በዚህም ሆነ በሌላ መንገድ፣ አንድ ዳኛ ፊት ፋይል ይከፈታል። «ማን ሞተ? የት? መቼ? ማን አየ?» ይባላል። ያን ቀን የሚያስፈልገው ስም፣ ቀበሌ፣ ቀን፣ የዐይን ምስክር ነው። እኛ ዛሬ የምንሰበስበው ማስረጃ ውስጥ አንድ የተሰረቀ ፎቶ ከተገኘ የተከሳሽ ጠበቃ እሱን ብቻ ይዞ መቶውን እውነት ይጥለዋል። ሁለት መቶ የውሸት ፎቶ ሼር ከሚያደርግ የአንድ ሟች ስም ከነቀበሌው አጣርቶ የጻፈ ወጣት ለወገኑ የበለጠ ታግሏል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ይጠራል፣ ግን የሚያደፈርሰው ሰው ካልበዛ ነው። ቀጣዩ «ሰበር» ማታ ይመጣል፤ ምናልባት ይሄን አንብባችሁ ሳትጨርሱ። ከመጫናችሁ በፊት እንደ አያቶቻችን በሉት፦ ተጠየቅ!

ቸር ያሰማን።